የአባትህ ሳንባ

ውድ አንተነህ፣

እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ግን አኩርፈውኛል፣ ሰበቡ ደግሞ አንተ ነህ።

ሽማግሌዎችህ ባለፈው እሑድ ማለዳ አማኑኤል ከተማ፣ አባቴ ቤት መጥተው ነበር። ወጉ እንደሚያዘው «መክረን እናሳውቃችኋለን» ተብለው፣ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው መሸኘት ነበረባቸው። አንተም ቀጠሮውን ግማሽ እሺታ አድርገህ ቆጥረህ ለጥር መዘጋጀት ትጀምር ነበር። እኔ ግን ከጓዳ ወጥቼ፣ አባቴ አፉን ሳይከፍት፣ እምቢ አልኳቸው። ልጅቷ ራሷ ወጥታ ለሽማግሌ ስትመልስ በአማኑኤል ታይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። እናቴ እስከ ዛሬ አታናግረኝም። አባቴ ነገሩን አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በልመና ያነሳዋል፤ «ቢያንስ አንድ ሳምንት ማስጠበቅ ምን ይጎዳሽ ነበር?» ይላል።

ከሽማግሌዎቹ ፊት የቆሙት አባትህ፣ መሪጌታ ባዘዘው፣ ነበሩ። በመቋሚያቸው ተደግፈው «ሳንናገር አንቀመጥም» ሲሉ ድምፃቸው ጓዳ ድረስ ተሰማኝ። የመተንፈሻ ቱቦው ከወጣላቸው ወዲህ ድምፃቸው ይጎረንናል፣ መሃል ላይ ይቆራረጣል፤ ቢሆንም ቆመው፣ በራሳቸው ትንፋሽ፣ ዐረፍተ ነገሩን ጨረሱት። እምቢ ስላቸው «ምነው ልጄ፣ ምን ጎደለው?» አሉኝ። ለእሳቸው ያልሰጠሁትን መልስ ለአንተ እጽፈዋለሁ። ስሜት ውስጥ ገብታ ነው እንዳትል፣ የሕመምተኛ ታሪክ እንደሚጻፍ ከመጀመሪያው ተነስቼ በቅደም ተከተል አስቀምጥልሃለሁ።

አባትህ የመጡት ከትንሣኤ በኋላ፣ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት በነበረበት ሰሞን ነው። ደብረ ኤልያስ ላይ መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተብሎ ጠበል ተጠመቁ፤ ትኩሳቱ ሲበረታ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ሦስተኛ እኛ ጋ፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መጡ። እኛ ሁልጊዜ ሦስተኛ ነን። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገቡ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር፣ በአንድ ትንፋሽ አንዲት ቃል መናገርም አይችሉም፤ እኔንም አላወቁኝም። እናትህ እማማ የብርጓል ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ወዲያው ለዩኝ። «እንኳን አንቺ ሆንሽ፣ የኔ ልጅ!» አሉኝ። ይህን ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር። ከአንተ ጋር ከተለያየን ሁለት ዓመት ቢሞላንም እናትህ ዘንድ ያልተፋታ ነገር እንዳለ ገባኝ።

በዚያው ቀን በመድኃኒት አስተኝተን ቱቦ አስገባንላቸውና ከመተንፈሻ ማሽኑ ጋር አገናኘናቸው። የሁለቱም ጎን ሳንባ ምች ነበር፤ ኦክስጅኑን እስከ መጨረሻው ከፍተንም ደማቸው የሚበቃውን ያህል አያገኝም።

አልትራሳውንዱን ታውቀዋለህ። አንተ ከሄድክ ወዲህም አልተለወጠም፤ ዛሬም የማዋለጃ ክፍሉ ንብረት ነው። ነርሱ አምሳሉ ምጥ የያዛት ሴት በሌለችበት ሰዓት ለምኖ እየገፋ ያመጣዋል፤ አንዱ ጎማው አልዞር ስለሚል ኮሪደሩን ሙሉ እየጮኸ ነው የሚመጣው። እናትህ መጋረጃውን ገልጠው ሲያዩት ደነገጡ።

«ይኼ የነፍሰ ጡር መሣሪያ አይደለም እንዴ? የልጄን ጽንስ ያዩላት በዚህ ነው። መሪጌታን ምን ሊያዩበት ነው?» አሉ።

አምሳሉ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ጤነኛ ሳንባ አየር ስለሞላው በዚህ መሣሪያ ምኑም እንደማይታይ፣ ከላይ አንዲት የምትርመሰመስ ነጭ መስመር ብቻ እንደምታሳይ፣ ውሃና መግል ሲሞላበት ግን መታየት እንደሚጀምር አስረዳኋቸው።

«እንግዲያው ባይታይ ነው የሚሻለው» አሉ።

«ባይታይ ነው የሚሻለው» አልኳቸው።

ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አዲስ አበባ ከመሄድህ በፊት፣ ሕመምተኛ ባልነበረበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ባዶው አልጋ ላይ ተጋድመህ ሸሚዝህን ገለጥክና «መጀመሪያ ጤነኛውን ልመጂ» ብለህ መመርመሪያውን ከነእጄ ጎድኖችህ መካከል አስቀመጥከው። በሕይወቴ መጀመሪያ ያየሁት ሳንባ ያንተ ነው። የሚቀባው ጄል ቀዝቅዞህ ስትስቅ መስመሯ አብራህ ትንቀጠቀጥ ነበር። ያን ቀን ነው የወደድኩህ፤ ነግሬህ አላውቅም።

የአባትህ ሳንባ ከፊት በኩል ንጹሕ ነበር። ወደ ጎኑ ሲኬድ ነጫጭ ጭረቶች መታየት ጀመሩ። አጋድለን ጀርባቸውን ስናይ ግን ሳንባ መሆኑ ቀርቶ ጉበት መስሏል፤ አየር የሚባል ነገር የለበትም።

አንተን ያገኘሁህ በማግስቱ ነው። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ የሚሠራው ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የውሃ ታንከሩ አጠገብ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲፈልግ። ቁጥሮቹን ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ። «የአየር ግፊቱን ጨምሪ፤ ሳንባው ካልተከፈተ ምንም ተስፋ የለም» አልከኝ። መጽሐፉም እንደዚያው ነው የሚለው። ስለዚህ ተመልሼ ያልከኝን አደረግሁ። ግፊቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመርኩ መመርመሪያውን ጀርባቸው ላይ ይዤ ጠበቅሁ። ጉበት የመሰለው እንደ መሰለ ቀረ። የተለወጠው የደም ግፊታቸው ነው፤ ወረደ። የምንነፋላቸው አየር ሁሉ ደህና ወደሆነው የፊት ክፍል እየሄደ እሱን ይወጥረዋል እንጂ የታፈነው ጋ አይደርስም። እየረዳናቸው መስሎን ደህናውን ልናበላሽባቸው ነበር። መልሼ ቀነስኩትና «በደረታቸው እናስተኛቸው» አልኩ። ጀርባቸው ወደ ላይ ሲሆን ክብደት ይቀልለታል፤ አየርም መንገድ ያገኛል።

አጎትህ ቄስ አካለ ወልድ በዚህ መሃል ደረሱ። የምናደርገውን ነገርኳቸው።

«በአፍጢሙ?» አሉ።

«በደረታቸው ነው፣ አባ።»

«ያው ነው።» መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጄ፣ አሁን እኮ በዓለ ሃምሳ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ አይሰገድም። ወንድሜ ከድቁናው ጀምሮ በነዚህ ቀናት ግንባሩን መሬት አስነክቶ አያውቅም። ዛሬ ራሱን በማያውቅበት ሰዓት እኛ ልናሰግደው ነው?»

ቱቦው ይወልቃል ብለው፣ ፊቱ ያብጣል ብለው፣ ትንፋሽ ያጥረዋል ብለው የሚከራከሩ ቤተሰቦች ብዙ ገጥመውኛል፤ ለነሱ መልስ አለኝ። በቀኖና የመጣብኝ ግን የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። «ያስቡበት፣ ግን ብዙ ጊዜ የለንም» ብቻ አልኳቸው። እሳቸውም ምክር ሊጠይቁ ወደ ውሃ ታንከሩ ሄዱ፤ አንተ ጋ ሊደውሉ።

ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ነበር። እናትህ እንዳይሰሙ ወደ በሩ ሳብ አድርገውኝ «ልቀቂልን» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አይተርፍም አለኝ አንተነህ። ቱቦውን ይንቀሉለትና፣ ነፍሱ ሳትወጣ ቤቱ አድርሱት፣ የንስሐ አባቱ ይድረስለት፣ በደብሩ ይቀበር አለኝ። መንገዱም ዛሬ ተከፍቷል ይላሉ፤ ሚኒባስ አግኝተናል። ሐኪም ነው፣ ልጁም ነው። እኔ ከሱ በላይ ምን ልበል?»

አብሬያቸው ወደ ታንከሩ ሄድኩና ስልኩን ተቀብዬ አናገርኩህ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ ብዬ አምናለሁ፤ ባታስታውስ እኔ አስታውሳለሁ። «ያየሁትን ልንገርህ፤ የሳንባው ፊት ደህና ነው፣ የታፈነው ጀርባው ነው» ስልህ፣ «ምስሉን ተይው፤ ቁጥሩን ሰምቻለሁ» አልከኝ። «አንድ ቀን ብቻ በደረታቸው ላስተኛቸውና ልየው» ስልህ፣ «የኔአለም፣ ስሜት ውስጥ ገብተሽ ነው። አባቴ ባይሆኑ እስካሁን ትለቂያቸው ነበር፤ በፈጠረሽ አታሰቃዪያቸው» አልከኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልን። ይህን ያልከው ክፉ ስለሆንክ አይደለም። ሰው ቤቱ፣ በሰዎቹ መሃል፣ ንስሐ አባቱ እጁን ይዞት እንዲሞት መመኘት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር የሠራ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል። መዳን የማይችሉትን እኔም በየጊዜው እለቃለሁ፤ ቤተሰባቸውም ይመርቀኛል። አስከሬን በተዘጋ መንገድ ከማጓጓዝ ሕያው ሰው ማጓጓዝ እንደሚቀልም አውቃለሁ። አንተ ሩቅ ነበርክ፣ በእጅህ የነበረው ቁጥር ብቻ ነበር፣ ቁጥሩም መጥፎ ነበር። እስከዚህ ድረስ ተረድቼሃለሁ።

አጎትህን «ከመውሰድዎ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ» ብዬ ወደ አልጋው መለስኳቸው። ጋቢያቸውን ገለጥ እንዲያደርጉ ለመንኳቸው። ቅር እያላቸው ገለጡ፤ መመርመሪያውን ጎናቸው ላይ ሳስቀምጠው ከቅዝቃዜው የተነሳ በስመ አብ አሉ። የመሣሪያው መስኮት ላይ ያቺ መስመር መጣች፤ የጉንዳን ሰልፍ ይመስል ትርመሰመሳለች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ትንፋሽ ነው።»

ትንፋሻቸውን ያዙ፤ መስመሯ ቆመች። ለቀቁት፤ ሄደች። ደግመው ያዙ፣ ደግመው ለቀቁ፤ የተታለሉ እንዳይሆኑ እየፈተኑኝ ነበር። ከዚያ መመርመሪያውን ወደ ወንድማቸው ደረት አዛወርኩት።

«ይኼማ እንደኔው ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አምሳሉ አባትህን አጋደለልኝና ጀርባቸውን አሳየኋቸው። ግራጫ፣ ድፍን ያለ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር። ቄስ አካለ ወልድ መስኮቱንና የወንድማቸውን ጀርባ እየቀያየሩ አዩ።

«ፊቱ ደህና ነው። የታፈነው ጀርባው ነው።»

«አዎ።»

«ጀርባው ወደ ላይ ቢሆን ይከፈታል?»

«ሊከፈት ይችላል። ላይከፈትም ይችላል፣ አባ፤ አልዋሽዎትም። አንድ ቀን ይስጡኝና በዚሁ መሣሪያ አብረን እናየዋለን። ካልተከፈተ እኔው ራሴ ሚኒባሱ ድረስ እሸኛቸዋለሁ።»

እኔ ስለ ሚኒባሱ የሚያስቡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሳቸው ገና ቀኖናው ላይ ናቸው። በመጨረሻ «ስግደት የነቃ ሰው ሥራ ነው» አሉ። «ወንድሜ ተኝቷል። የተኛ ሰው በጎኑም ሆነ በደረቱ፣ መኝታ ነው። ጥፋት ከሆነም በእኔ ይቆጠር።» ቀና ብለውም «አንተነህ ያለውን ግን ለየብርጓል እንዳትነግሪ። ወንድሜም ከዳነ፣ እንዳይሰማ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ስንገለብጣቸው አጎትህ ከራስጌ ቆመው የማተባቸውን መስቀል እንዳይወጋቸው ወደ ጀርባቸው አዞሩት። ለሚኒባሱም ሂድ ተባለ።

ያን ቀን እስከ ማታ ብዙ ለውጥ አላየሁም። በማግስቱ ጠዋት አምሳሉ ያንን ጎማ እያስጮኸ መጣና መመርመሪያውን ጀርባቸው ላይ አሳረፍኩት። ግራጫው ውስጥ ነጫጭ ነጠብጣቦች ከትንፋሻቸው ጋር ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር። አየር ነው። አጎትህ ከጎኔ ሆነው «ምንድን ነው እሱ?» ሲሉኝ «እየተከፈተ ነው፣ አባ» አልኳቸው። አንተ ስሜት ውስጥ ገብተሻል ያልከኝ ቀን ስሜት ውስጥ አልነበርኩም፤ ይኼን ያየሁ ጠዋት ግን ማጠቢያ ክፍል ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ፣ ጮኼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ ሌላው አልጋ ሄድኩ።

የቀረውን ታውቀዋለህ። እየገለበጥን እየመለስን፣ እያየን፤ የአየር ግፊቱን መቼ እንደምንጨምር መቼ እንደምንቀንስ ምስሉ እየነገረን፣ ግራጫው ወደ ጭረት፣ ጭረቱ ወደ መስመር ተለወጠ። የማስተኛ መድኃኒቱን ቀንሰን በራሳቸው እንዲተነፍሱ ስንሞክርም ዓይኔ የአልትራሳውንዱ መስኮት ላይ ነበር፤ ሳንባው ተመልሶ አልታፈነም፣ ቱቦውን አወጣን። አባትህ መጀመሪያ የተናገሩት ቃል ምን እንደሆነ ማንም የነገረህ አይመስለኝም። በዚያች በደከመች ድምፅ «በዓሉ አለፈ?» ነው ያሉት። አጎትህ «ገና ነው፣ እረፍ» አሉና እኔን ቀና ብለው አዩኝ።

ስትደውል «ተርፈዋል» አልኩህ። ተመስገን አልክ፣ አለቀስክም፤ ለቅሶህ እውነተኛ እንደነበር አልጠራጠርም። ስትረጋጋ «በስንት ግፊት ነው ያወጣሻቸው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እንዴት አየሽው አላልክም። በፊተኛው ስልክ ያልከኝንም አላነሳህም። ያፍራል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ የአዲስ አበባው መንገድ ሲከፈት መጥቶ በአካል ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። መንገዱ ተከፈተ። ደብረ ኤልያስ መጥተህ፣ የምስጋና ድግሱን በልተህ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ሳታየኝ አልፈህ ተመለስክ። ቅር ቢለኝም፣ አሁንም ያፍራል አልኩ። እስከ እሑድ ማለዳ ድረስ እወድህ ነበር ብል አልዋሸሁም።

እሑድ ጓዳ ሆኜ ለእሺታ ነበር የተዘጋጀሁት። ከዚያ አባትህ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «ሞቼ ነበር። ልጄ አንተነህ በስልክ እየመራ፣ እሷ በእጇ እየሠራች፣ ሁለቱ ተጋግዘው መለሱኝ። ድግሱ ላይ ሰው ሁሉ ሲሰማ መርቄዋለሁ፤ ከሩቅ ሆነህ አባትህን ያተረፍክ፣ ልጅህ ያትርፍህ ብዬዋለሁ። እንዲህ አንድ ላይ ያተረፉኝ ልጆች እንዴት ተለያይተው ይኖራሉ?»

አጎትህ ከአባትህ ቀጥለው ቆመው ነበር። ከጓዳው መጋረጃ ቀዳዳ አየኋቸው፤ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ያኔ ነው የወጣሁት።

እምቢ ያልኩህ ስለተሳሳትክ አይደለም። እኔም ያን ቀን ልሳሳት እችል ነበር፤ ብሳሳት አባትህ ከቤታቸው ርቀው፣ በደረታቸው ተደፍተው ይሞቱ ነበር፤ እናትህም አጎትህም ይህን ይዘውብኝ ይኖሩ ነበር። እምቢ ያልኩህ በዚያ ድግስ ላይ፣ አባትህ እጃቸውን ራስህ ላይ ጭነው ሲመርቁህ፣ ጎንበስ ብለህ አሜን ስላልክ ነው። ድግሱ ላይ አልነበርኩም፤ አሜን እንዳልክ ግን አውቃለሁ። ምርቃት ተቀብሎ አሜን የማይል ሰው የለም።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አባትህ «ትምህርቱ ኩሩ አድርጓታል» ብለው ለአባቴ ሹክ አሉት። ይሁን። አጎትህ ግን በሩ ላይ ወደ ኋላ ቀርተው መስቀላቸውን አሳለሙኝና «እግዜር ዝምታሽን ይቁጠርልሽ» ብለውኝ ተከተሏቸው።

አባትህ ብርድ ሳይበረታ ለክትትል እንዲመጡ ንገርልኝ፤ ሳንባቸው ላይ ከታች በግራ በኩል ያለውን ትንሽ ጠባሳ ማየት እፈልጋለሁ፣ የእኔ እምቢታ እንዳያስቀራቸው። ሲመጡ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ከእኔ አይሰሙም፤ ቃል ገብቻለሁ። ከአጎትህም አይሰሙም። እናትህ አያውቁም። በእውነት ማን እንዳተረፋቸው የሚያውቁበት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም አንተ ደብረ ኤልያስ ወርደህ፣ ፊታቸው ተቀምጠህ፣ «አባቴ፣ እኔ ልቀቋቸው ብዬ ነበር» ስትላቸው ነው።

ደህና ሁን፣ አንተነህ።

የኔአለም
ደብረ ማርቆስ